ያልተጻፈው ዘመድ

አብረው የሚኖሩ እህትማማቾች አይጻጻፉም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያወሩ ያመሹት ነገር ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደብዳቤ የሚወለደው አንዷ ጓዟን ጠቅልላ ስትሄድ ነው። ስለዚህ የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ከደብዳቤዎቹ ለማወቅ የሚነሣ ሰው በአብዛኛው የሚያነበው የመለያየትን ታሪክ ነው። የእኛ ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ «ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» እያለ ሲጽፍ የኖረው ለወጉ ብቻ አይመስለኝም፤ ናፍቆቱ ባይኖር ወረቀቱም ባልኖረ ነበር።

ከዚህ የከበደ ጥያቄም አለ። ቤተሰብ ለሄደ ዘመዱ ይጽፋል፤ ጭራሽ ከዘመድ ላልቆጠረው ሰውስ? ደሙ ከቤቱ ደም ሆኖ፣ በዚያው ከተማ እየኖረ፣ ስሙ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ላልተነሣ ሰው ማን ይጽፋል? ቤተሰብን ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ይልቅ ባልጻፋቸው መመዘን ይቻል ይሆን? ይህን ሳስብ ደጋግሜ የምመለስባቸው ሁለት አሜሪካውያት እህትማማቾች አሉ፤ ሳራና አንጀሊና ግሪምኬ ይባላሉ። ታሪክ የሚያስታውሳቸው ባርነትን በመቃወማቸውና ስለ ሴቶች መብት ቀድመው በመናገራቸው ነው። እኔ ግን እዚህ የማነሣቸው በደብዳቤያቸው በኩል ነው፤ በተለይ አንዲቱ በእርጅናዋ ለማታውቀው ወጣት በጻፈችው አንድ ደብዳቤ ምክንያት።

ክርስትና እናት

ሳራ የተወለደችው በ1792 በደቡብ ካሮላይና የወደብ ከተማ በቻርለስተን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ጆን ግሪምኬ ለአሜሪካ ነጻነት የተዋጋ፣ በኋላም ዳኛ የሆነ፣ የብዙ ባሮች ጌታ ነበር። ቤቱ 14 ልጆች የተወለዱበት ቤት ነው። ስድስተኛዋ ሳራ መጽሐፍ የምትወድ ልጅ ነበረችና እንደ ታላቅ ወንድሟ እንደ ቶማስ ላቲን ልማር ብላ ጠየቀች፤ አልተፈቀደላትም። ቶማስ ወደ ዬል ኮሌጅ ተላከ፤ እሷ ቤት ቀረች። ወንድ ብትሆን ኖሮ ታላቅ የሕግ ሰው ይወጣት ነበር ብሎ አባቷ ራሱ መስክሮላታል። ምስክርነቱ ግን በሩን አልከፈተላትም።

በዚያው ቤት ሌላም የተዘጋ በር ነበር። እንድታገለግላት ሄቲ የምትባል ትንሽ ልጅ ለሳራ ተሰጥታት ነበር። ማታ ማታ ሄቲ የሳራን ጠጉር ልታበጥር ስትገባ መብራቱ ይጠፋል፤ የቁልፉ ቀዳዳ ይሸፈናል። ከዚያ ሁለቱ ልጆች በምድጃው እሳት ፊት በደረታቸው ተኝተው ፊደል ይቆጥራሉ። ነገሩ ሲታወቅ ሄቲ ከግርፋት ለጥቂት ተረፈች፤ ሳራም ከአባቷ ብርቱ ቁጣ ደረሰባት።

የደቡብ ካሮላይናን ሕግ ልብ ብሎ ላየው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። በ1740 የወጣው ሕግ በግልጽ የከለከለው ባሪያን መጻፍ ማስተማርን ነው፤ ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1834 ነው። ሕግ አውጪዎቹ አስቀድመው የፈሩት ብዕሩን ነበር ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መጻፍ የሚችል ባሪያ ለራሱ የጉዞ ፈቃድ ሊጽፍ ይችላል፤ ለተሸጠች እህቱም ያለሁት እዚህ ነው ብሎ ሊልክ ይችላል። ባርነት የሚቆመው ሰውን ከዘመዱ መነጠል ሲቻል ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ የተነጠለውን መልሶ የሚያገናኝ ነገር ነው። ስለዚህ ስለዚያ ዘመን የእህትማማቾች ደብዳቤ ስናወራ አንድ እውነት መዘንጋት የለበትም፦ መጻጻፍ ራሱ በሕግ ለአንዱ የተፈቀደ፣ ለሌላው የተከለከለ ሀብት ነበር። የሳራ ደብዳቤዎች እጃችን ገብተዋል፤ የሄቲን ታሪክ ግን የምናውቀው በሳራ ብዕር በኩል ነው።

በ1805 የቤቱ የመጨረሻ ልጅ አንጀሊና ተወለደች። የ12 ዓመቷ ሳራ ወላጆቿን ለምና ለምና ክርስትና እናቷ ሆነች። የልጅ ስእለት ቀልድ አይደለም። ሳራ ሕፃኗን ወደ ጥምቀቱ ስታቀርብ ላሳድጋት፣ ልጠብቃት ብላ የገባችውን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ጠበቀችው። አንጀሊናም አፏን ከፈታች በኋላ እህቷን «እናቴ» አለቻት፤ አድጋ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎችም ይኸው አጠራር አልተለያትም። በአንድ ሰው ውስጥ እህትም እናትም ማግኘት በረከት ነው። ፈተናም ነው፤ ይህንን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ሃያ አምስት ሳንቲም

በ1819 ሳራ የታመመ አባቷን ይዛ ለሕክምና ወደ ፊላደልፊያ ሄደች። ከዚያም በኒው ጀርሲ የባሕር ዳር ብቻዋን አስታመመችው፤ እዚያው ሞተ፤ ብቻዋን ቀበረችው። በዚያ ጉዞ ያወቀቻቸው ኩዌከሮች፣ ማለት ባርነትን የሚነቅፉና በዝምታ የሚጸልዩ ክርስቲያኖች፣ ልቧን ለወጡት። በ1821 ቻርለስተንን ለቃ ፊላደልፊያ ገባች። አንጀሊና የ16 ዓመት ልጅ ሆና በባለባሮቹ ቤት ቀረች። የሁለቱ ደብዳቤ በእውነት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን ደብዳቤ መላክ ምን ማለት እንደ ነበር ማወቅ ይገባል። ከ400 ማይል በላይ ለሚጓዝ ደብዳቤ ክፍያው በአንድ ቅጠል ወረቀት 25 ሳንቲም ነበር። ከፊላደልፊያ እስከ ቻርለስተን ያለው መንገድ ከዚህ ይበልጣል። ሁለት ቅጠል ከሆነ ክፍያው እጥፍ ነው፤ ፖስታው እንኳ እንደ አንድ ቅጠል ስለሚቆጠር ሰው ወረቀቱን ራሱን አጥፎ በሰም ያሽገው ነበር። ጸሐፊዋ ኅዳጉን ትሞላለች፤ ቦታ ሲያልቅባት ወረቀቱን ወደ ጎን አዙራ በጻፈችው ላይ አሻግራ ትጽፋለች። በ1845 ክፍያው በክብደት ሆኖ ቀነሰ፤ በ1851 ደግሞ አስቀድሞ ለከፈለ 3 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤ ተለክቶ፣ ተመጥኖ የሚጻፍ ነገር ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበር። እኅት ስትጽፍ ሐሳቧን መላኳ ብቻ አልነበረም፤ «ይህን ለመስማት ከኪስሽ ታወጪ ይሆን?» ብላ መጠየቋም ነበር። ተቀባይዋ ከፖስታ ቤቱ መስኮት ፊት ቆማ ትወስናለች። ዛሬ መልእክት በነጻ ሲመጣ ዋጋ የሌለው ይመስለናል። ነገር ግን ቁም ነገር ያለበት ደብዳቤ ዛሬም ዋጋውን የሚያስከፍለው ተቀባዩን ነው። የጻፈው ጽፎ ያርፋል፤ ያነበበው ነው እንቅልፍ የሚያጣው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንጀሊና የእህቷን ቃል ለመስማት ከፈለች፤ በሳንቲም ብቻም አይደለም። በቻርለስተን የቤተ ክርስቲያኗን ሽማግሌዎች ስለ ባርነት እንዲናገሩ ለመነች፤ አልሰሟትም። የእናቷን ቤት ሰዎች መከረች፤ ሰለቿት። በ1829 እሷም ከተማዋን ለቅቃ ሳራን ተከተለች። ሁለቱ እህትማማቾች በፊላደልፊያ ተገናኙ፤ በመካከላቸው የነበረው ደብዳቤም ተግባሩን ጨርሶ ዝም አለ።

የተቃጠለው ፖስታ

በጁላይ 1835 መጨረሻ የቻርለስተን ሰዎች በሌሊት ፖስታ ቤቱን ሰብረው ገቡ። ከሰሜን የመጡ፣ ባርነትን የሚቃወሙ ጽሑፎች የታጨቁበትን ጆንያ አውጥተው አቃጠሉ። ባርነትን ለማቆየት የፖስታ ጆንያ ማቃጠል ለምን አስፈለገ? በ1740 ብዕሩን የፈራው ሕግና በ1835 ወረቀቱን ያነደደው እጅ የአንድ ፍርሃት ልጆች ናቸው።

በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ አንጀሊና በፊላደልፊያ ተቀምጣ «ሊበሬተር» ለተባለው የጸረ ባርነት ጋዜጣ አዘጋጅ ለዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ደብዳቤ ጻፈች። የግል ደብዳቤ ነበር፤ በርታ የሚል። ጋሪሰን ሳያስፈቅዳት አተመው። የቻርለስተን ዳኛ ልጅ ስም በዚያ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የኩዌከር ወዳጆቿ ቃልሽን መልሺ ብለው አስጨነቋት፤ ሳራ እንኳ አዘነችባት። አንጀሊና ግን አልመለሰችም። በ1836 ለደቡብ ክርስቲያን ሴቶች የተጻፈ መማጸኛዋ ሲታተም ቻርለስተን ያንንም አቃጠለች። ልጅሽ ብትመጣ ከመርከብ እንዳትወርድ ታዝዟል የሚል ቃልም ከከተማዋ ከንቲባ ለእናቷ ደረሰ። አንጀሊና የተወለደችበትን ከተማ ከዚያ ወዲያ አላየችም፤ እናቷንም ዳግመኛ ሳታያት እናትየዋ በ1839 አረፈች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከእህትነት ምሥጢር አንዱ ነው። ለ30 ዓመታት መሪዋ ሳራ ነበረች። አሁን ታናሺቱ ቀደመች፤ ታላቂቱም ጥቂት ተንገዳግዳ ተከተለች። በ1837 በኒው ኢንግላንድ ከተሞች እየዞሩ በአደባባይ ሲናገሩ የማሳቹሴትስ ቀሳውስት ሴት በአደባባይ መናገሯን የሚነቅፍ ሐዋርያዊ መልእክት አወጡ። ሳራም ስለ ሴቶችና ወንዶች እኩልነት ተከታታይ ደብዳቤዎችን ጽፋ መለሰችላቸው፤ በ1838 መጽሐፍ ሆነው ታተሙ።

ለምን ደብዳቤ ሆኑ? ድርሳን ሆነው፣ ስብከት ሆነው መውጣት ይችሉ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ደብዳቤ በጓዳና በአደባባይ መካከል ያለ ደፍ ስለሆነ ነው። አደባባዩ የተከለከለች ሴት በጓዳ ቋንቋ ጽፋ፣ ጓዳውን ከነነገሩ ወደ አደባባይ አወጣችው። ሳራ እያንዳንዱን ደብዳቤ የቋጨችበት የስንብት ቃልም ሁለት ፍቺ አለው፤ የዝምድና ማሰሪያም የእስረኛ ሰንሰለትም ማለት ይሆናል። በአማርኛችን «መታሰር» የሚለው ቃል እንዲሁ ነው፤ ሰው በፍቅርም ይታሰራል፣ በወህኒም ይታሰራል። ሳራ ሴቶችን እህቶቼ ያለቻቸው በሁለቱም ፍቺ ነበር።

አንድ ቤት

በፌብሩዋሪ 1838 አንጀሊና በማሳቹሴትስ ሕግ አውጪዎች ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ ባርነት ተናገረች፤ በአሜሪካ ሕግ አውጪ አካል ፊት እንዲህ የተናገረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በሜይ 14 የትግል ጓዷን ቴዎዶር ዌልድን አገባች። ከሁለት ቀን በኋላ በፊላደልፊያ አዲስ በተከፈተው የፔንሲልቬንያ አዳራሽ ድንጋይ መስኮቱን እየሰበረ ንግግሯን ጨረሰች። በማግስቱ አዳራሹ በሕዝብ እጅ ተቃጠለ። ከዚያ ሳራ፣ አንጀሊናና ቴዎዶር በኒው ጀርሲ አንድ ቤት ውስጥ አብረው መኖር ጀመሩ።

በዚያ ቤት ውስጥ የተሠራ አንድ ሥራ የዚህ ሐተታ እምብርት ነው። ሦስቱ ሰዎች ከደቡብ የመጡ የጋዜጣ ክምሮችን ለወራት አገላበጡ። የፈለጉት ባለባሮች ራሳቸው ያወጧቸውን ማስታወቂያዎች ነው። በ1839 ከዚያ ምርመራ አንድ መጽሐፍ ወጣ፤ ባርነትን በጌቶቹ ቃል የሚከስስ መጽሐፍ። ባለባሪያው የጠፋበትን ሰው ለማስፈለግ ሲል በጀርባዋ የግርፋት ጠባሳ እንዳለ፣ ጆሮው እንደ ተቆረጠ፣ ጉንጯ እንደ ተተኮሰ ሳያፍር ያትማል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የጠፋችው ሴት እናቷ ወይም ባሏ ወይም እህቷ ወዳለችበት ከተማ ሳትሄድ እንደማትቀር ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የጌቶቹ ሕግ ባሮች ቤተሰብ የላቸውም ይላል፤ ጋብቻቸውን አያውቅም፤ ልጃቸውን ይሸጣል። ከ1790 እስከ 1860 ባለው ጊዜ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከላይኛው ደቡብ ወደ ታችኛው ደቡብ እንደ ተጋዘ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ያው ጌታ ግን ባሪያው ሲጠፋ ዝምድናን አሳምሮ ያውቃል። የት እንደምትሄድ የሚያውቀው ማንን እንደምትወድ ስለሚያውቅ ነው። የመጻፍ መብት የተነፈገችው ሴት እህትነቷን በእግሯ ጻፈችው፤ ጌታዋም ሳያስበው በጋዜጣ አተመላት። ሳራና አንጀሊና በዚያ ክምር ውስጥ ሲያነብቡ የነበረው የሌሎች እህትማማቾችን ደብዳቤ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የራሳቸው ነገርስ? ከ1838 እስከ ሳራ ሞት ድረስ ከጥቂት ጊዜ በቀር አብረው ስለኖሩ በመካከላቸው የተጻፈው እየሳሳ ሄደ። ኑሯቸው ግን ሁልጊዜ ሰላም አልነበረም። ሳራ የአንጀሊናን ሦስት ልጆች እንደ ራሷ ወደደች፤ አንጀሊናም በገዛ ቤቷ ከእናትነቱ የተገፋች ያህል ተሰማት። በሕፃንነቷ «እናቴ» ያለቻት እህቷ አሁን በልጆቿ ላይ ሁለተኛ እናት ሆነችባት። በ1850ዎቹ ሳራ ከቤት ርቃ የቆየችበት ጊዜ ነበር፤ ያን ጊዜ ደብዳቤው ተመለሰ፤ ፊት ለፊት ለመናገር የከበደውም ነገር በወረቀት ተነገረ። ቆይታም ሳራ ወደዚያው ቤት ተመለሰች። አንዳንድ እውነት እንደ ሩቅ ተራራ ነው፤ ከሥሩ ለቆመ ሰው ቅርጹ አይታይም።

የ1868ቱ ጥያቄ

የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ፣ ባርነት በሕግ ተሽሮ፣ ቤተሰቡ በማሳቹሴትስ በሃይድ ፓርክ ይኖር ነበር። በፌብሩዋሪ 1868 አንጀሊና የጸረ ባርነት ጋዜጣ ስታነብ፣ በፔንሲልቬንያ ባለው በጥቁሮች ትምህርት ቤት በሊንከን ዩኒቨርሲቲ ግሪምኬ የሚባል ተማሪ ንግግር ማድረጉን አየች። ስሙ በአሜሪካ ብርቅ ስም ነው። ጋዜጣውን አጥፋ ማስቀመጥ ትችል ነበር። ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል፤ ጤናዋ ከደከመ ቆይቷል፤ ለነጻነት የከፈለችው ዋጋ ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃ ነው። እሷ ግን ብዕር አነሣች። ለማታውቀው ወጣት ማንነቷን ነገረችው፤ ምናልባት ከወንድሞቼ የአንዱ ባሪያ ነበርህ ይሆን ብላ ጠየቀችው።

መልሱ ከጥያቄው በለጠ። ወጣቱ አርችባልድ ግሪምኬ ይባላል፤ በትምህርት ቤቱ ወንድሙ ፍራንሲስም አለ። አባታቸው ሄንሪ ግሪምኬ ነው፤ የሳራና የአንጀሊና ወንድም። እናታቸው ናንሲ ዌስተን ናት፤ ሄንሪ በባርነት ይገዛት የነበረች፣ እምቢ የማለት መብት በሕግ ያልነበራት ሴት። አንጀሊና የጠየቀችው ባሪያችን ነበርህ ወይ ብላ ነው፤ የመጣላት መልስ የወንድምሽ ልጅ ነኝ የሚል ነው።

ከመልሱ በስተጀርባ ያለው ታሪክ እንዲህ ነው። ሄንሪ በ1852 ሲሞት ናንሲንና ልጆቿን ከነጭ ሚስቱ ለወለደው ለልጁ ለሞንታግዩ አወረሰ፤ እንደ ቤተሰብ እንዲይዛቸው ተስፋ አድርጎ። ናንሲ በቻርለስተን በትንሽ ቤት ሦስት ወንዶች ልጆቿን በልብስ አጠባና በመተኮስ አሳደገች፤ ፊደልም አስቆጠረቻቸው። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ሞንታግዩ የገዛ ወንድሞቹን ጠርቶ አሽከሮቹ አደረጋቸው። አርችባልድ አምልጦ ጦርነቱ እስኪያልቅ በቻርለስተን ተደብቆ ኖረ። ፍራንሲስ አምልጦ ተያዘ፤ ታሰረ፤ ታመመ፤ በመጨረሻም ወንድሙ ሞንታግዩ ሸጠው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሌሎቹ የአባታቸው እህቶች ቻርለስተን ውስጥ ነበሩ፤ በቻርለስተንና በሰሜን ባለው ቤተሰብ መካከልም ደብዳቤ ይመላለስ ነበር። በባርነት ላይ ዓለምን ያስነሡት ሁለቱ እህትማማቾች ግን በገዛ ስማቸው የሚጠሩ የወንድም ልጆች እንዳሏቸው እስከዚያ ቀን አላወቁም።

እዚህ ላይ ያቺን የ25 ሳንቲም ነገር ላንሣት። በ1868 የደብዳቤ ክፍያ 3 ሳንቲም ነው፤ የሚከፍለውም ላኪው ነው። የአርችባልድ መልስ ግን በአሮጌው ሥርዓት መጣ፤ ዋጋው ያረፈው በተቀባይዋ ላይ ነው። አንጀሊና መልሱን ካነበበች በኋላ የወንድሟን ትዝታ እንደ ነበረ ልትይዘው አትችልም። የቤቷን ስምም በንጽሕና ልትጠራው አትችልም። ሃያ ሺህ ሰው ፊት ቆሞ ባርነትን መርገም ይቻላል፤ ባርነት በገዛ እልፍኝ ውስጥ የሠራውን ስም ጠርቶ መቀበል ግን ሌላ ጉብዝና ይጠይቃል። ጀግንነት በአደባባይ የተለመደ ሆኖ በቤት ውስጥ ሲጎድል ብዙ አይተናል።

እሷ ከፈለች። መልሳ ጻፈች፤ ዘመዶቼ ናችሁ አለች። በዚያው ዓመት በጁን ከልጇ ጋር እስከ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተጉዛ በሰው ሁሉ ፊት አክስታቸው መሆኗን አስታወቀች። ሳራም በ75 ዓመቷ እጇን ዘረጋች። እህትማማቾቹ ሀብታሞች አልነበሩም፤ ካላቸው ቀንሰው ለትምህርታቸው አገዙ፤ ቤታቸውንም ከፈቱላቸው። አርችባልድ በ1874 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ወጣ፤ በኋላም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የአሜሪካ ቆንስል ሆነ። ፍራንሲስ በፕሪንስተን ሥነ መለኮት ተምሮ በዋሽንግተን የታወቀ መጋቢ ሆነ። ወንድ ብትሆን ታላቅ የሕግ ሰው ይወጣት ነበር የተባለላት ሳራ የወንድሟ ልጅ ሃርቫርድ መግባቱን አይታ፣ መመረቁ ጥቂት ሲቀረው በዲሴምበር 1873 አረፈች።

ይህን ስናመሰግን ግን ምስጋናውን ሁሉ ለአክስቶች መስጠት አይገባም። አርችባልድና ፍራንሲስን ሰው ያደረገቻቸው ናንሲ ዌስተን ናት። ሰሜን ድረስ የደረሱትም ደብዳቤው ሳይመጣ ነው። አንጀሊና የወንድሟን ልጆች አላዳነቻቸውም፤ አልካደቻቸውም እንጂ። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ቢኖር ሞንታግዩን ያስታውስ። እሱም ወንድሞቹ መሆናቸውን ያውቅ ነበር።

ሁለት መዝገብ ቤቶች

የሳራ፣ የአንጀሊናና የቴዎዶር ወረቀቶች ዛሬ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የአርችባልድና የፍራንሲስ ወረቀቶች ደግሞ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት በዚያች ከተማ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ይዞ የሚያልፍ ሁሉ የግሪምኬን ቤት ግማሽ ታሪክ ይዞ ያልፋል። አንድ ቤተሰብ ሁለት መዝገብ ቤት ያለው በደብዳቤ ብዛት አይደለም፤ መጀመሪያ የለያየው ነገር ከሞትም በኋላ ስላልለቀቀው ነው። ሙሉውን ታሪክ የሚሻ ሰው ሁለቱንም ቦታ መርገጥ አለበት።

እነዚህ ግን ወረቀት የተረፋቸው ናቸው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በፊላደልፊያ ይታተም እንደ ነበረው «ክርስቲያን ሪኮርደር» ባሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ላይ የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎች ለብዙ ዓመታት ወጡ። እናቱን የሚፈልግ፣ ልጇን የምትፈልግ፣ እህቷን የምትፈልግ። ማስታወቂያዎቹ የሚናገሩት የሚመሳሰል ነገር ነው፦ በልጅነት የተለያዩበት ቦታ፣ የሸጠው ሰው ስም፣ የገዛው ሰው ስም፣ መጨረሻ የታዩበት አገር። ጌቶች ባሪያ ለማስያዝ የፈጠሩትን የጋዜጣ ዓምድ ነጻ የወጡት ሰዎች እህት ለማግኘት ተጠቀሙበት። እነዚያን ማስታወቂያዎች የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የእህትማማቾች ደብዳቤ ከሚባለው ውስጥ የማይቆጥር የቤተሰብ ታሪክ ጎደሎ ነው። አድራሻቸው ያልታወቀ፣ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ያልመጣ ደብዳቤዎች ናቸውና።

የቤተሰብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው በሣጥን ያሉትን ወረቀቶች ሰብስቦ ሲጨርስ ሥራው የተጋመሰ እንጂ ያለቀ እንዳይመስለው። በእነዚያ ወረቀቶች ውስጥ ማን እንዳልተጠራ ይጠይቅ። ልብሱን ያጠበችው ማን ነበረች? በጓሮ በር የምትገባው ሴት ልጆች አባታቸው ማን ነበር? ቤቱ ሁሉ እያወቀ ማንም ያልጻፈው ስም የማን ነው? ጥያቄው ያሳፍራል፤ መልሱም ዋጋ ያስከፍላል። ቢሆንም ያልተጠየቀ ዘመድ አይጠፋም። በሌላ ጋዜጣ፣ በሌላ ከተማ፣ ስማችንን ይዞ ይቆያል።

አንጀሊና ግሪምኬ በኦክቶበር 1879 አረፈች። ከአራት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1880፣ አርችባልድ ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ አድጋ ገጣሚና የተውኔት ጸሐፊ ሆናለች። ስሟን አንጀሊና ዌልድ ግሪምኬ አላት።